የነጣው መታጠፊያ፤ ለትንሽ ማተሚያ ቤት የክሪዚንግ ማሽን ስለመምረጥ

በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. አንድ የሙሽራ አባት ከማተሚያ ቤቴ ባንኮኒ ፊት ለፊት ቆመው፣ ያተምኩላቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀስ እያሉ ከዳሰሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ መታጠፊያው ምን ነክቶት ነው እንዲህ የነጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ካርዱ ሲዘረጋ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በ300 ግራም አርት ካርድ (በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ገጹ የለሰለሰ ወፍራም ወረቀት) ላይ የታተመ፣ ውጪው ከዳር እስከ ዳር ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለም የለበሰ ነበር። በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምር ነበር፤ ከማተሚያው ሲወጣም እንዲሁ። ከታጠፈ በኋላ ግን ከላይ እስከ ታች፣ እርጥበት ገብቶበት እንደሚረግፍ የግድግዳ ቀለም፣ የተቆራረጠ ነጭ መስመር ወጣበት። «ጋሼ፣ የወረቀቱ ጠባይ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ?» አሉኝ፤ ቁጣ በሌለበት ድምፅ ስለነበር የባሰ አፈርኩ።

700ውንም ካርድ እንደገና አተምኩ። ሁለተኛውን ዙር ከመታጠፉ በፊት ማት ላሚኔሽን አልብሼው ስለነበር ነጩ መስመር ጠፋ፤ የፕላስቲኩ ሽፋን ቀለሙን አንቆ ይዞታልና። ከሥራው ላገኝ የነበረው ትርፍ ግን በላሚኔሽኑና በወረቀቱ ተበላ፤ ቤተሰቡም ካርዱን ማደል የጀመረው ካሰበው አምስት ቀን ዘግይቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ክሪዚንግ ማሽን፣ ማለትም ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት የመታጠፊያውን መስመር ተጭኖ ስለሚያሰምረው ማሽን፣ ያላሰብኩበት ሳምንት አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ለመግዛት ስወስን ዓመት ከመንፈቅ ያህል የፈጀሁት በማሽኑ ውድነት ብቻ ሳይሆን፣ የምገዛው ነገር ምን እንደሚሠራ በትክክል ባለማወቄ ጭምር እንደነበር ስለተረዳሁ ነው።

ያን ጊዜ የነበረኝ ማሽን ሻጮች «ሦስት በአንድ» የሚሉት ዓይነት ነበር። ለደረሰኝ መቀደጃ የሚሆነውን ነጠብጣብ ይበሳል፣ ወረቀት ይሰነጥቃል፣ ክሪዝም ያደርጋል። ሱቁን ስከፍት የገዛሁት በዚሁ «ሦስት በአንድ» በሚለው ቃል ተታልዬ ነው፤ አዲስ የሚጀምር ሰው በአንድ ዋጋ ሦስት ማሽን ያገኘ ይመስለዋል። ለደረሰኝ መብሻነት አልከፋኝም፤ ዛሬም ለዚያው እጠቀምበታለሁ። ክሪዝ የሚያደርገው ግን በዘንግ ላይ በተሰካ ክብ ብረት ነው፤ ብረቱ እየተሽከረከረ ወረቀቱን ይጎትትና ያሰምርበታል። ከሥር የሚቀበለው ጎድጓዳ ቦይ ለሁሉም ወረቀት አንድ ነው። ለ200 ግራምም ለ350 ግራምም ያው ቦይ፣ ያው ጫና። ወረቀቱ ትንሽ ዘወር ብሎ ከገባ ደግሞ መስመሩም አብሮ ይጣመማል።

ከዚያ ውርደት በኋላ የመጀመሪያው መፍትሔዬ ወፍራሙን ሥራ ሁሉ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ የሃይደልበርግ ፕላተን ወደነበራቸው አንድ አዛውንት መውሰድ ሆነ። ይህን ማሽን ያላየ ሰው ካለ፣ እንደ ነፋስ ወፍጮ ክንፍ የሚሽከረከሩ ሁለት ክንዶች ሉሁን እያነሱ በሁለት የብረት መንጋጋዎች መካከል ያስገቡለታል፤ መንጋጋዎቹም ገጥመው ይጫኑና ይለቁታል። ፋብሪካው ይህን ሞዴል ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1985 ቢሆንም፣ ዘይቱን የሚጠብቅለት ሰው እስካገኘ ድረስ የሚሞት ማሽን አይደለም። አዛውንቱ ክሪዝ የሚያደርጉት በጣውላ ውስጥ በተተከለ ዱልዱም የብረት መስመር ነበር፤ ከትይዩው ደግሞ ቦይ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ይለጥፋሉ።

የነጣውን ካርድ ይዤላቸው ስሄድ ስለ ማሽን ይነግሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ካርዱን ተቀብለው ከላይ ወደ ታች ቀደዱት። ቀዳዳው እየተንጋደደ፣ እየተቦጫጨቀ ሄደ። ከዚያ ያንኑ ካርድ ከግራ ወደ ቀኝ ሲቀድዱት እንደ ጨርቅ ክር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወረደ። «አየህ፣ ቃጫው የሚሄደው በዚህ ነው፤ አንተ ያጠፍከው በዚያ ነው። እንጨት በአግድሙ ሲሰበር አይተህ አታውቅም?» አሉኝ። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ የእንጨቱ ቃጫዎች አብዛኞቹ በማሽኑ መሄጃ አቅጣጫ ይተኛሉ። በቃጫው አቅጣጫ የታጠፈ ወረቀት በቃጫዎቹ መካከል ይከፈታል፤ ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈ ግን ቃጫዎቹን አንድ በአንድ መስበር አለበት፤ ሲሰበሩ ደግሞ በላያቸው ያለውን ቀለም ይዘው ይነሳሉ።

ወደ ሱቅ ተመልሼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ያገኘሁትን ነገር ለመናገር እንኳ ያሳፍራል። የምጠቀምበት ሉህ 32 በ45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቃጫው በ45ቱ አቅጣጫ ይሄዳል። በአንድ ሉህ ላይ ሁለት ካርድ፣ ማለትም 20 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚይዝ ሥራ ደርድሬያለሁ፤ መታጠፊያውን ግን በ32ቱ አቅጣጫ፣ ቃጫውን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጌ። ካርዱ አራቱም ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ፣ እያንዳንዱን በ90 ዲግሪ ባዞረው ኖሮ አንዲት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ሳላባክን መታጠፊያው ከቃጫው ጋር ይሄድ ነበር። በመዳፊት ሁለት ጊዜ ጠቅ የማድረግ ሥራ ነው! ለዚህ ነው 700 ካርድ የጣልኩት።

አዙሬ በዚያው በ«ሦስት በአንድ» ማሽን ሞከርኩት። ነጩ መስመር በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ አልጠፋም። የወረቀቱን ድርሻ ከማሽኑ ድርሻ ለይቼ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ከሱቅ ሱቅ ከመዞሩ በፊት ይህን ሙከራ በራሱ ሥራ ላይ ቢያደርግ እመክረዋለሁ፤ ምናልባት የሚያስፈልገው ከሚያስበው ያነሰ ማሽን ይሆናል።

እንግዲህ ማሽኑ ራሱ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ክሪዝ ማድረግን በወረቀቱ ላይ መስመር መቅረጽ ወይም በከፊል መቁረጥ ይመስለዋል፤ እኔም ከብዙዎቹ አንዱ ነበርኩ። ወፍራም ካርድ ያለ ክሪዝ ሲታጠፍ የውጪው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። አርት ካርድን የሚያለሰልሰው ሽፋን ከማዕድን ዱቄት የተሠራ ስለሆነ መለጠጥ አያውቅም፤ ይሰነጠቃል። ጥሩ ክሪዝ የሚያደርገው ዱልዱም ስለት ካርዱን ወደ ቦዩ ሲጫነው፣ በውስጡ ያሉት የወረቀት ንብርብሮች እርስ በርሳቸው ተለያይተው በሌላኛው ወገን ትንሽ ጉብታ ይሠራሉ። ያ ጉብታ ማጠፊያ ነው፤ እንደ በር ማጠፊያ። ካርዱ ሲታጠፍ ጉብታው ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ የውጪው ገጽ ያን ጊዜ በጠባብ ስፍራ ከመለጠጥ ይልቅ በሰፊው ዞሮ ያልፋል። በተጫነው ስርጉድ በኩል ማጠፍ ለዓይን ትክክል ስለሚመስል፣ ለዓመታት እኔም ሠራተኞቼም ወደ ስርጉዱ ስናጥፍ ኖረናል። ማንም አልነገረንም ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ማንንም አለመጠየቃችን ነው።

(የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ብራናውን የሚያሰምሩት በቀለም ሳይሆን በወስፌ ተጭነው ነው፤ በአንዱ ገጽ የሰረጎደው በሌላው ገጽ ጉብ ብሎ ይታያል። ሳይቆርጡ መጫን ጥንታዊ ጥበብ ነው።)

ከኦፍሴት ይልቅ በዲጂታል የታተመ ሥራ የበለጠ የሚነጣውም በምክንያት ነው። የኦፍሴት ቀለም በመጠኑም ቢሆን ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ ቶነር፣ ማለትም የዲጂታል ማተሚያው ዱቄት ቀለም፣ ግን በሙቀት ቀልጦ በወረቀቱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ስስ ፕላስቲክ ነው። ያው ሙቀት ደግሞ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት ያወጣዋል፤ የደረቀ ቃጫ ቶሎ ይሰበራል። በዚህ ላይ የእኛ የሠርግ ወቅት ጥር ነው፤ ካርዱ የሚታተመው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባ አየር ከንፈር በሚያደርቅበት ጊዜ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ግፊያ፣ ጥቁር ቀለም የሚወድ ደንበኛ፣ የደረቀ አየርና ቶነር አንድ ላይ ይገናኛሉ። አሁን የታተመውን ሉህ ከማጠፌ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፤ ደንበኛው ካልቸኮለ።

በየካቲትና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አዛውንቱም ማሽናቸውን ወደ ከተማዋ ዳር ወሰዱ። ከእኔ ሱቅ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ለ100 ካርድ ግማሽ ቀን ማጥፋት ስለማይቻል የራሴን ማሽን መግዛት ግድ ሆነ።

ምርጫው በሦስት ዓይነቶች መካከል ነበር። የራስን ፕላተን መግዛትን ወዲያው ተውኩት፤ ቦታም፣ ለየሥራው የጣውላ ዳይ (የብረት መስመሩ የሚተከልበትን ጣውላ) የማሠራት አቅምም የለኝም። ሁለተኛው፣ ወረቀቱን በአየር እየሳበ የሚወስድ፣ የመታጠፊያው ርቀት በስክሪን ላይ የሚሞላለት ኤሌክትሪክ ማሽን ነው። አንድ አስመጪ ዘንድ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። እውነት ለመናገር ልብ ይሰርቃል፤ በአንድ ሉህ ላይ ሦስትና አራት መስመር ያወርድና የሚቀጥለውን ይስባል። ዋጋው ከዲጂታል ማተሚያዬ ዋጋ ሲሶውን ያህል ነበር። ሻጩን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ቢቃጠል መለዋወጫ አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «እናስመጣለን» አለኝ። በእኛ ገበያ «እናስመጣለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት ብቅ ጥልቅ በሚልበት ሰፈር፣ በሠርግ ወቅት መካከል፣ መለዋወጫ እየጠበቁ መቀመጥን አሰብኩት።

ሦስተኛው በእጅ የሚጎተት፣ 46 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከባድ የብረት ማሽን ነው። መያዣውን ወደ ታች ስትጎትተው ስለቱ በሙሉ ርዝመቱ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ወረቀቱ ሲጫን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ቶነሩ አይጎተትም። እኔ የፈለግሁት ይህን ነበር። ሆኖም በዚህ ዓይነት ውስጥ እንኳ አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ልዩነቱም ከቀለሙና ከስሙ ሳይሆን ከቦዩ ነው።

ስለ ቦይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሻጮች የማይናገሩት ይህንን ነው። በሙያው የሚታወቀው ቀመር እንዲህ ነው፤ የካርዱን ውፍረት በአንድ ተኩል አብዝተህ የስለቱን ውፍረት ስትደምርበት የቦዩን ስፋት ታገኛለህ። ጥልቀቱ ደግሞ ከካርዱ ውፍረት ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። ከጎረቤት ቶርኖ ቤት ማይክሮሜትር ተውሼ የ300 ግራም ካርዴን ስለካው 0.29 ሚሊ ሜትር ሆነ። በአንድ ተኩል ሲበዛ 0.435፤ የስለቱ ውፍረት 0.7 ሲደመርበት 1.135 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ 1.2 ሚሊ ሜትር ቦይ በቂ ነው። የ«ሦስት በአንዱ» ማሽኔ ቦይ ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ካርዱ በዚያ ሰፊ ቦይ ውስጥ ጥብቅ ጉብታ መሥራት አይችልም፤ ይለመጣል እንጂ። የታጠፈው ካርድም የተሰመረበትን ቦታ ትቶ በመሰለው በኩል ይታጠፋል። ቦዩ ከሚገባው በላይ ከጠበበ ደግሞ ስለቱና ቦዩ ወረቀቱን በሁለት ወገን ነክሰው ይቆርጡታል። ስለዚህ የፈለግሁት ቦዩ የሚቀየርለትን ማሽን ነበር፤ ቢያንስ ለ200፣ ለ300 እና ለ350 ግራም የሚሆኑ ሦስት ስፋቶች ያሉት።

መርካቶ ካየኋቸው አምስት ማሽኖች ሦስቱ ቦያቸው አይቀየርም ነበር፤ ሻጮቹም ጥያቄውን ራሱን አልወደዱትም። አራተኛው ቦዩ ይቀየራል፤ ስለቱ ግን ትይዩ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት እንዲህ ነው፤ ከደረሰኝ ወረቀት ሁለት ጠባብ ቁራጮች ቆርጬ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጫፍ ከስለቱ ሥር አስቀመጥኩና መያዣውን በቀስታ ጎተትኩ። የግራው ተነክሶ ሲያዝ የቀኙ በጣት ሲሳብ ይወጣል። እንዲህ ያለ ማሽን የካርዱን አንድ ጫፍ ቆርጦ ሌላውን ጫፍ ሳያሰምር ይለቀዋል። ሻጩ «ብሎኑን ስታጠብቀው ይስተካከላል» አለኝ፤ ብሎኑን ፈልጌ አላገኘሁትም፣ እሱም አላገኘውም።

አምስተኛው ዘንድ የራሴን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሻጮች ለማሳያ የሚያስቀምጡት ነጭ፣ ያልታተመ ካርድ ነው፤ በነጭ ካርድ ላይ የተሰነጠቀ ነገር አይታይም። እኔ ግን የያዝኩት ያንኑ የወይን ጠጅ ካርድ ነበር፤ ግማሹ በቃጫው፣ ግማሹ ሆን ብዬ ቃጫውን አቋርጦ የተቆረጠ። ቀለሙን ወደ ላይ፣ ወደ ስለቱ አድርጌ አስር አስር ጎተትኩ፤ ጉብታውን ወደ ውስጥ አድርጌ አጠፍኩ። በቃጫው የሄዱት አስሩም ጥርት ብለው ወጡ። ካቋረጡት ውስጥ አራቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ነገር ይታይ ነበር፤ ለዚያ ሥራ ላሚኔሽን እንደሚያስፈልግ ተረዳሁ። በመጨረሻ የማቆሚያውን፣ ማለትም የካርዱ ጫፍ የሚደገፍበትን ብረት፣ ልክ ፈተንኩት። ማቆሚያውን ከካርዱ እኩሌታ ላይ አስሬ አንድ ጊዜ ከጎተትኩ በኋላ ካርዱን ጫፉን አዙሬ እንደገና ጎተትኩት። ማቆሚያው ትክክል ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ያርፋሉ፤ ካልሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት የስሕተቱ እጥፍ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተራራቁ፤ ስሕተቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ማቆሚያውን በጣት ገፋ በማድረግ ተስተካከለ። ሻጩ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሻይ አዘዘልኝ፤ መጀመሪያ ትዕግሥት መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን እሱም በጉጉት እያየ እንደነበር ገባኝ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ገዛሁት።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚያ የኤሌክትሪክ ማሽን ሰሌዳ ቢቃጠልብኝ ምን እሆን ነበር እያልኩ አሰብኩ። የእጁ ማሽን እስካሁን የጠየቀኝ ዘይትና አንድ አዲስ ቦይ ብቻ ነው።

ይህን ስል የእጅ ማሽን ለሁሉም ይበጃል ማለቴ አይደለም። በቀን ብዙ ሺህ ብሮሹር የሚያጥፍ ቤት በእጅ እየጎተተ ሊዘልቅ አይችልም፤ የእጅ ክፍያውና የጊዜው ብክነት የኤሌክትሪኩን ዋጋ ቶሎ ያስመልሳል። እኔ ዘንድ አንድ የለመደ ሰው በደቂቃ ከ9 እስከ 12 ጊዜ ይጎትታል። 800 ባለ አንድ እጥፍ ካርድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ እስከ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው፤ እንደ ሁለት በር የሚከፈተው ካርድ ግን ሁለት ጉተታ ስለሚፈልግ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ዋጋ ስነግር አሁን የምቆጥረው ካርድ ሳይሆን ጉተታ ነው።

ወረቀት አከፋፋዮች የቃጫውን አቅጣጫ በፓኮው ላይ ሁልጊዜ አይጽፉም፤ ስለዚህ አዲስ ወረቀት ሲገባ ከአንድ ሉህ ጫፍ ቆርጬ በምላሴ አርሰዋለሁ። የራሰው ቁራጭ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ የቱቦው ርዝመት የቃጫው አቅጣጫ ነው። ከዚያ በፓኮው ላይ በእርሳስ ቀስት አሰምርበታለሁ። ዲዛይን የምትሠራልን ልጅ ቀስቱን ሳታይ ካርድ አትደረድርም።

ከማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ሰቅለናል፤ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተጎተተ ይጻፍበታል። ቁጥሩ በተከታታይ ከ3,000 ካለፈ የኤሌክትሪኩን ማሽን ጉዳይ እንደገና አነሳዋለሁ ብዬ ለራሴ ወስኛለሁ። እስካሁን የተመዘገበው ከፍተኛው 2,600 ነው፤ ባለፈው ጥር፣ በአንድ ቀን። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን የምትጎትተው ሠራተኛዬ ትከሻዋን እያሸች ደብተሩን አመጣችልኝና፣ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከ2,000 በላይ ያለውን እርስዎ ይጎትቱ» አለችኝ። ተስማማን።